ተከታታይ ድራማን በሙሉ ስብስብ፦ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚታይና ለሌላ ሰው እንደሚጠቆም

በየሳምንቱ አንድ ክፍል እየተጠበቀ የሚታይ ድራማና ተጠናቆ በዲስክ ስብስብ የወጣ ድራማ፣ ታሪካቸው አንድ ቢሆንም እንኳ፣ ለተመልካቹ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ገና እየተጻፈ ያለ ነገር ነው፤ ደራሲዎቹ ራሳቸው ወዴት እንደሚያመሩ ላያውቁ ይችላሉ፣ ጣቢያውም በመሃል ሊያቋርጠው ይችላል። ሁለተኛው ግን መነሻውም መድረሻውም በእጅ ያለ፣ እንደ ረጅም ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደገና የሚገለጥ ሥራ ነው። ስለዚህ አመራረጡም አስተያየቱም እንደ ረጅም ልብ ወለድ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚህ እምነት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ምዕራፍ» የሚለው በአንድ ዙር የተላለፉትን ክፍሎች በአንድነት የሚያመለክት ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ ከታሪኩ በፊት ሰዓቱን ያስሉ

ብዙ ሰው ስብስብ የሚገዛው ዝናውን ሰምቶ ነው፤ ገዝቶም ሦስተኛው ዲስክ ላይ የሚያቆመው ድራማው ስላልጣመው ሳይሆን የሚጠይቀውን ጊዜ አስቀድሞ ስላላሰበበት ነው። የክፍሎቹን ብዛት ብቻ ማየት ያሳስታል። በደንበኝነት ክፍያ ለሚተዳደረው ለአሜሪካው ጣቢያ ለኤች ቢ ኦ የተሠሩ ድራማዎች በመሃል ማስታወቂያ ስለሌላቸው አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማስታወቂያ በሚያስተላልፉ ጣቢያዎች የአንድ ሰዓት ቦታ የተሰጠው ድራማ ግን በዲስክ ላይ ሲመጣ ከ42 እስከ 47 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት 60 ክፍሎች ያሉት ዘ ዋየር 62 ክፍሎች ካሉት ብሬኪንግ ባድ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል።

በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በምሽት ሁለት ክፍል የሚያይ ሰው ዘ ዋየርን ለመጨረስ 15 ሳምንታት ያስፈልጉታል። 86 ክፍሎች ያሉት ዘ ሶፕራኖስ አምስት ወር ያህል፣ 92 ክፍሎች ያሉት ማድ ሜን ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ይጠይቃሉ። ሰባት ምዕራፎች ያሉትና ከ150 በላይ ክፍሎች የተሠሩለት ዘ ዌስት ዊንግ ከ100 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ለዚህ ዓይነቱ ተመልካች የዘጠኝ ወር ጓደኛ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚያስፈራው ሰው ከአጭሩ ይጀምር። ቼርኖቢል በ2019 በአምስት ክፍሎች ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን ሁሉም ተደምሮ ከአምስት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ የእንግሊዙ ስቴት ኦፍ ፕሌይ ስድስት ክፍሎች፣ ባንድ ኦፍ ብራዘርስ ደግሞ አሥር ክፍሎች ብቻ አሏቸው። በመካከል የሚቀመጡት 28 ክፍሎች ያሉት ዘ ሌፍትኦቨርስና 39 ክፍሎች ያሉት ሰክሴሽን ናቸው። ረጅም ድራማ አይቶ የማያውቅ ሰው ከእነዚህ ከአጫጭሮቹ አንዱን ጨርሶ ወደ ረጅሙ ቢሻገር፣ መጨረስ ምን ዓይነት እርካታ እንዳለው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ረጅሙን በመሃል አይጥለውም።

እርምጃ 2፦ መጨረሻውን ማን እንደወሰነው ይወቁ

ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳይሰሙ፣ ያበቃው በሠሪዎቹ ፈቃድ ይሁን በጣቢያው ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅም ይገባል። አምስት ምዕራፎችና 63 ክፍሎች ያሉት ሲክስ ፊት አንደር በ2005 ያበቃው ፈጣሪው አለን ቦል ታሪኩን ሊያደርሰው ወደፈለገበት ካደረሰው በኋላ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎቹም ቴሌቪዥን ካሳየን መዝጊያዎች ሁሉ የተሟላው ይመስለኛል። በአንጻሩ የዴቪድ ሚልች ዴድዉድ በ2006 ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በ36ኛው ክፍል ተቋረጠ፤ ታሪኩን የሚዘጋው ፊልም የመጣው ከ13 ዓመታት በኋላ በ2019 ነው። ይህ ማለት ዴድዉድ አይታይ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ቋንቋው ከየትኛውም ድራማ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። ሆኖም የሦስቱን ምዕራፎች ስብስብ የሚገዛ ሰው ፊልሙ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ቢያረጋግጥ፣ መጨረሻው ላይ የሚገጥመውን ጉድለት አውቆት ይገባበታል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ጥያቄ ደራሲው እስከ መጨረሻው አብሮ መቆየቱ ነው። ዘ ዌስት ዊንግን የፈጠረውና አብዛኛውን ክፍል የጻፈው አሮን ሶርኪን ከአራተኛው ምዕራፍ በኋላ ለቅቋል። አምስተኛውን ምዕራፍ የሚጀምር ሰው የንግግሩ ምት መለወጡን ወዲያውኑ ይሰማዋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተመልካች በለውጡ ግራ አይጋባም፤ ከፈለገም የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ብቻ ለይቶ ሊገዛ ይችላል።

እርምጃ 3፦ ድራማውን የተሸከመው ምን እንደሆነ ይለዩ

ድራማዎችን «የወንጀል»፣ «የፖለቲካ»፣ «የቤተሰብ» እያሉ መከፋፈል ለሻጭ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለመራጭ እምብዛም አይረዳም። ዘ ሶፕራኖስና ዘ ዋየር ሁለቱም የወንጀል ድራማ ይባላሉ፤ አንዱን የወደደ ግን ሌላውን ለመውደዱ ምንም ዋስትና የለውም። የሚሻለው ጥያቄ ታሪኩን ከክፍል ወደ ክፍል ተሸክሞ የሚሄደው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ሰው፣ ተቋም፣ እንቆቅልሽ ወይስ በእውን የደረሰ ክስተት።

በሰው ላይ የቆመ ድራማ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ለብዙ ሰዓታት አብሮ ለመቀመጥ ፈቃደኛ መሆንን ይጠይቃል። ከ1999 እስከ 2007 የተላለፈው የዴቪድ ቼዝ ዘ ሶፕራኖስ፣ በኒው ጀርሲ የወንጀለኞች ቡድን የሚመራና ድንገት ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሄድ የጀመረ አባወራ ታሪክ ነው። ጄምስ ጋንዶልፊኒ የተጫወተውን ይህን ሰው መውደድ አይጠበቅብንም፤ የድራማው ኃይል ያለውም እየወደድነው በሄድን ቁጥር በሚያደርገው ነገር እንድንደነግጥ በማድረጉ ላይ ነው። ብሬኪንግ ባድም በአንድ የኬሚስትሪ መምህር ላይ የቆመ ነው፤ ፈጣሪው ቪንስ ጊሊጋን ግን መንገዱን ቀጥ ያለ ስላደረገው፣ ክፍል በክፍል የሚሳብ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚቀለው መግቢያ እርሱ ነው። ሳሊ ዌይንራይት የጻፈችው ሃፒ ቫሊ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር የምትሠራ የፖሊስ ሳጅን ይዞ ይነሳል፤ በ2014፣ በ2016 እና በ2023 የተላለፉት ሦስት ምዕራፎቹ እያንዳንዳቸው ስድስት ክፍሎች ብቻ ስላሏቸው፣ በ18 ክፍሎች ውስጥ ሣራ ላንክሻየር የምታሳየውን ሴት ያህል የተሟላ ሰው የሚያስተዋውቅ ሌላ ስብስብ ለመጥቀስ ይቸግረኛል።

በተቋም ላይ የቆመው ድራማ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ዘ ዋየር ስለሆነ እርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር፤ አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ በዚያው ከተማ የግድያ ወንጀል መርማሪ ሆኖ ሠርቶ በኋላ በሕዝብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። ሁለቱ የሚያውቁትን ከተማ በአምስት ምዕራፎች ከአምስት አቅጣጫ አሳይተውታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአደንዛዥ ዕፅ ንግዱንና ስልክ የሚጠልፈውን የፖሊስ ቡድን፣ ሁለተኛው ወደቡንና ሥራ እየጠፋባቸው ያሉትን የወደብ ሠራተኞች፣ ሦስተኛው የከተማውን ፖለቲካና የተሐድሶ ሙከራ፣ አራተኛው ትምህርት ቤቱን፣ አምስተኛው ጋዜጣውን ይይዛል። የመክፈቻው መዝሙር ግጥም አንድ ሆኖ ዘፋኙ በየምዕራፉ የሚለወጠውም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ጉዳዩ ያው ነው፣ የሚያየው ዓይን ግን ይለያል። ሪቻርድ ፕራይስን፣ ጆርጅ ፔሌካኖስንና ዴኒስ ሌሄንን የመሳሰሉ የልብ ወለድ ደራሲያን ክፍሎችን መጻፋቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ አንድ ክፍል በራሱ የሚዘጋ ታሪክ አይነግርም፣ እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ ለሚቀጥለው ያስረክባል እንጂ። ጀማሪ ተመልካች የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ስሞቹ ብዙ ናቸው፣ የጎዳናው አነጋገር ፈጣን ነው፣ ማንም ቆሞ አያስረዳም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሁሉን ነገር ለመረዳት መሞከር አያስፈልግም፤ ፊቶችን ማስታወስ በቂ ነው። ከአራተኛው ክፍል በኋላ ተመልካቹ ሳያውቀው የከተማው ነዋሪ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ወደቡ ሲሻገር ብዙዎች «የኔዎቹ ሰዎች የት ሄዱ?» ብለው ያኮርፋሉ፤ ያኔ ማቆም ግን ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም አራተኛው ምዕራፍ፣ ማለትም የአራቱ ልጆች ታሪክ፣ ክብደቱን የሚያገኘው ከፊቱ በተነጠፈው ሁሉ ላይ ነው።

የዴንማርኩ ቦርገንም በተቋም ላይ የቆመ ነው፤ ግን ቀለል ብሎ ይታያል። በ2010 ሲጀምር በዴንማርክ የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር በልብ ወለድ አቀረበ፤ በእውኑ ዓለም ሄለ ቶርኒንግ ሽሚት ያንን ሥልጣን የያዘችው በሚቀጥለው ዓመት በ2011 ነው። የጥምር መንግሥት ድርድር እንዴት እንዲህ የሚያጓጓ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ማየት ይበቃል።

በእንቆቅልሽ ላይ የቆሙትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ምላሹ ከታወቀ በኋላ ብዙዎቹ ባዶ ስለሚሆኑ መደርደሪያ ላይ ለዘላለም የሚቀመጥ ስብስብ መሆን አለመሆናቸውን ከመግዛት በፊት ማሰብ ይገባል። ከዚህ ውጭ የሆነው በ2007 የጀመረው የዴንማርኩ ፎርብሪደልሰን ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ክፍሎች የአንዲት ወጣት ግድያ የሚመረመርባቸውን 20 ቀናት ይከተላሉ፤ አንድ ክፍል አንድ ቀን ነው። ምርመራው፣ የከተማው ምርጫና የሟቿ ቤተሰብ ሐዘን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ እንደገና ሳየው የበለጠ ያስለቀሰኝ የወላጆቹ ቤት ነበር።

በእውነተኛ ክስተት ላይ የተመሠረቱትን ሲመርጡ ደግሞ ከታሪኩ የትኛው ለድራማ ሲባል እንደተሠራ ማወቅ ጠቃሚ ነው። የሚያዝያ 26 ቀን 1986ቱን የኒውክሌር አደጋ የሚተርከው ቼርኖቢል ውስጥ ኤሚሊ ዋትሰን የተጫወተቻት ሴት ሳይንቲስት በእውን የነበረች ሰው አይደለችም፤ በምርመራው የተሳተፉ ብዙ ሳይንቲስቶችን እንድትወክል የተፈጠረች ናት፣ ድራማውም በመጨረሻ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ባንድ ኦፍ ብራዘርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ አንድ የአሜሪካ የአየር ወለድ ሻምበል ጦር ታሪክ ሲሆን፣ በክፍሎቹ መግቢያ ላይ የሚናገሩት አዛውንቶች የዚያው ጦር አባላት የነበሩ ናቸው። ስማቸው የሚገለጠው በመጨረሻው ክፍል መዝጊያ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ወጣት ወታደር የትኛው አዛውንት እንደሆነ አስቀድሞ ለመፈለግ አለመቸኮል ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለብቻው የማስቀምጠው በ1980ዎቹ መጨረሻ ለፖላንድ ቴሌቪዥን የተሠራውን የክሽሽቶፍ ኪየሽሎቭስኪን ደካሎግ ነው። አሥሩ ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ሆነው፣ በዋርሶ አንድ የመኖሪያ ሕንጻ ሰፈር የሚኖሩ የተለያዩ ሰዎችን አንድ በአንድ ይከተላሉ፤ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ መታየት ስለሚችልም ጊዜ ለሌለው ሰው በጣም ይመቻል። በሌላኛው ጫፍ የኤድጋር ራይትስ ሃይማት በ1984 በ11 ክፍሎች ከ15 ሰዓት በላይ ወስዶ የአንድ የጀርመን መንደርን ሕይወት ከ1919 ጀምሮ ይተርካል።

እርምጃ 4፦ ሽልማትን ይስሙ፣ ግን አይፍረዱበት

ማድ ሜን ከ2008 እስከ 2011 በተከታታይ አራት ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት የሆነውን ኤሚን በምርጥ ድራማነት አግኝቷል፤ ይገባውም ነበር። ዘ ዋየር ግን በአምስት ምዕራፎቹ ለጽሑፍ ሁለት ጊዜ ታጭቶ አንድም ኤሚ ሳያገኝ አለቀ። ይህ ብቻ ሽልማት ያላገኘ ድራማ ዝቅተኛ ነው ማለት እንደማይቻል ያሳያል። ከሽልማት ዝርዝር ይልቅ የምተማመንበት መለኪያ ድራማው ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላም ሰዎች ደግመው የሚያዩት መሆኑ ነው።

እርምጃ 5፦ የሳጥኑን ጀርባ በጥንቃቄ ያንብቡ

ገንዘብ የሚባክነው በአብዛኛው እዚህ ነው። በመጀመሪያ «ሙሉ» የሚለው ቃል የምን ሙሉ እንደሆነ ይመርምሩ። የብሬኪንግ ባድ አምስተኛ ምዕራፍ 16 ክፍሎች ስምንት ስምንት ሆነው በሁለት ዓመት ተላልፈዋል፤ በዲስክም «አምስተኛው ምዕራፍ» እና «የመጨረሻው ምዕራፍ» በሚሉ ሁለት ሳጥኖች ተሸጠዋል። ስለዚህ ከአንድ እስከ አምስት የሚል ቁጥር ያላቸውን አምስት ሳጥኖች የገዛ ሰው መጨረሻውን አላገኘም። የዘ ሶፕራኖስ ስድስተኛ ምዕራፍም 12 እና 9 ክፍሎች፣ የማድ ሜን ሰባተኛ ምዕራፍም ሰባት ሰባት ክፍሎች ሆነው ተከፍለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የድራማውን ጠቅላላ የክፍል ብዛት አስቀድመው ይጻፉና በሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

ቀጥሎ የአካባቢ ቁጥሩን ይመልከቱ። ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር ይከፋፍላል፤ 1 ለአሜሪካና ለካናዳ፣ 2 ለአውሮፓ፣ ለጃፓንና ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ 4 ለላቲን አሜሪካና ለአውስትራሊያ፣ 5 ለአብዛኛው አፍሪካ፣ ለሩሲያና ለሕንድ የተመደቡ ናቸው። ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘው ብሉ ሬይ ዲስክ ደግሞ በሦስት ፊደላት ብቻ ይከፈላል፤ ኤ አሜሪካንና ምሥራቅ እስያን፣ ቢ አውሮፓን፣ አፍሪካንና አውስትራሊያን፣ ሲ ቻይናን፣ ሩሲያንና ሕንድን ይይዛል። ማጫወቻዎ የማይቀበለውን ዲስክ ከገዙ ምስሉ ፈጽሞ አይከፈትም፤ የሁሉንም አካባቢ ዲስክ የሚያጫውት መሣሪያ ካለዎት ግን ይህ ሁሉ አያስጨንቅዎትም።

ምስሉም ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ይለያያል። በአውሮፓ የዲቪዲ ሥርዓት ምስሉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚሄድ፣ በ24 ፍሬም የተቀረጸ ድራማ አራት በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ የ60 ደቂቃው ክፍል ወደ 57 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል፣ ድምፁም ካልታረመ በትንሹ ይቀጥናል። ብሉ ሬይ ይህ ችግር በአብዛኛው የለበትም፤ ከዲቪዲ 480 ወይም 576 መስመር ጋር ሲነጻጸር 1080 መስመር ያለው ምስል ያሳያል። ሆኖም የጠራው ምስል ሁልጊዜ ትክክለኛው ምስል አይደለም። ዘ ዋየር የተቀረጸው ወደ አራት ማዕዘን በቀረበው በአሮጌው የቴሌቪዥን ቅርጽ ነው፤ በ2014 ግን ለሰፊው ስክሪን ተዘጋጅቶ ቀረበ። ሳይመን ራሱ አንዳንዱ ትዕይንት በአዲሱ ቅርጽ እንደተሻሻለ፣ ሌላው ግን እንደጎደለበት ጽፏል። በእኔ ዓይን አሮጌው ዲቪዲ ብዥ ቢልም የሰዎቹን መጣበብ የሚያሳየው እርሱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በሁለቱም ቢያየው ግን አይጎዳም።

በቴሌቪዥን የነበረው ሁሉ በዲስኩ ላይ ይኖራል ብሎ ማሰብም አይገባም። ለሙዚቃ የተከፈለው መብት ለስርጭት ብቻ ከሆነ አሳታሚው ዘፈኖቹን ይለውጣል፤ ኖርዘርን ኤክስፖዠር የተባለው የ1990ዎቹ ድራማ በአሜሪካ በዲቪዲ ሲወጣ ብዙዎቹ ዘፈኖቹ በሌላ ሙዚቃ ተተክተዋል። የትዊን ፒክስ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2001 በአሜሪካ በዲቪዲ ሲታተም ደግሞ ሁሉ ነገር የሚጀምርበት የመክፈቻው ክፍል በመብት ጉዳይ ምክንያት አልነበረበትም፤ ተሟልቶ የወጣው በ2007 ነው። ስለዚህ የቆየ ድራማ ያገለገለ ስብስብ ሲያገኙ የትኛው ኅትመት እንደሆነ ይጠይቁ። የትርጉም ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንዳለም ከሳጥኑ ላይ ያረጋግጡ፤ በዴንማርክ ወይም በፖላንድ የታተመ ስብስብ የሚፈልጉትን ቋንቋ ላይይዝ ይችላል።

እርምጃ 6፦ በገዙበት ቀን ዲስኮቹን ሁሉ ይፈትሹ

በአንድ ወቅት ያገለገለ ስብስብ ገዝቼ ለሁለት ወር ያህል በደስታ ካየሁ በኋላ የመጨረሻው ዲስክ ቦታ ላይ አራተኛው ዲስክ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አገኘሁ፤ የመመለሻው ጊዜ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ስብስብ እንደገዛሁ ዲስኮቹን በቁጥራቸው እየቆጠርኩ፣ እያንዳንዱን ማጫወቻው ውስጥ ከትቼ የመጨረሻው ክፍል መከፈቱን አያለሁ። ይህን ሲያደርጉ ዓይንዎን ከክፍሎቹ ርዕስና ከዝርዝሩ ምስል ያርቁ፤ የመጨረሻው ዲስክ የመግቢያ ገጽ ብዙ ጊዜ በሕይወት የሚቆየውን ሰው ፊት ያሳያል።

እርምጃ 7፦ በቅደም ተከተልና በልክ ይመልከቱ

ስብስቡ የሚሰጠውን ቅደም ተከተል ያክብሩ። ፋየርፍላይ በ2002 ሲተላለፍ ጣቢያው ክፍሎቹን አዛብቶ አቀረባቸው፤ ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11 ብቻ ታይተው ተቋረጠ። በዲቪዲ ሲወጣ ሁሉም ክፍሎች ሠሪዎቹ ባሰቡት ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ፣ ዲስኩን ያየ ሰው በቴሌቪዥን ካየው የተሻለ ድራማ አይቷል። ቀደም ያለ ዘመንን የሚተርክ ተቀጥላ ድራማ ሲኖርም በተሠራበት ቅደም ተከተል ማየት ይሻላል። ቤተር ኮል ሶል ታሪኩ ከብሬኪንግ ባድ በፊት ቢሆንም፣ በጥቁርና ነጭ የሚታዩት ትዕይንቶቹ ትርጉም የሚሰጡት ብሬኪንግ ባድን ለጨረሰ ሰው ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ የእኔ ልክ በአንድ ምሽት ሁለት ክፍል ነው። ሙሉው ሳጥን እጅ ላይ መኖሩ ሌሊቱን ሙሉ እንድናይ ይገፋፋል፤ ነገር ግን እነዚህ ድራማዎች የተጻፉት በክፍሎች መካከል ተመልካቹ እንዲያስብ ጊዜ ታስቦለት ነው። አምስት ክፍል በተከታታይ ያየ ሰው የማድ ሜንን ዝምታዎች እንደ መሰልቸት ይቆጥራቸዋል፤ በቀን አንድ ያየ ግን በማግሥቱ ሥራ ላይ ሆኖ አንዱን ዝምታ ሲፈታው ይውላል። በምዕራፎች መካከልም ቢያንስ አንድ ሳምንት ማረፍ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በቀድሞው ምዕራፍና በሚቀጥለው መካከል በታሪኩ ውስጥም ብዙ ጊዜ ወራት አልፈዋል። በእንቆቅልሽ ላይ የቆሙትን ብቻ ፈጠን አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ፍንጮቹ ይረሳሉና።

ድራማው የሚነገርበትን ቋንቋ ቢያውቁትም እንኳ የትርጉም ጽሑፉን ይክፈቱ። የዘ ዋየርን የጎዳና አነጋገርና የዴድዉድን የተወሳሰበ ዐረፍተ ነገር በጆሮ ብቻ መከተል ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹም ይከብዳል። በሌላ ቋንቋ የተሠራን ድራማ ደግሞ በድምፅ ከተተረጎመ ይልቅ በዋናው ድምፅ ከጽሑፍ ጋር ማየት ይሻላል፤ በፎርብሪደልሰን መርማሪዋን የተጫወተችው የሶፊ ግሮቦል ትወና ግማሹ በድምፅዋ ውስጥ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ተጨማሪ ዝግጅቶች ምዕራፉ ሳያልቅ አይንኩ። የሠሪዎቹ የድምፅ ማብራሪያ የሚነገረው ሁሉን አይቶ ለጨረሰ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ማብራሪያ ላይ የመጨረሻውን ክፍል ሊያነሱ ይችላሉ። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ መጽሐፍም የክፍሎቹን ጭብጥ ስለሚዘረዝር ከጨረሱ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል።

መቼ መተው እንደሚገባም አስቀድመው ይወስኑ። አሥር ክፍል ላለው ሥራ ሁለት ክፍል፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ አምስት ክፍል እሰጣለሁ። የብሬኪንግ ባድ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2007 እና በ2008 በነበረው የደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሰባት ክፍሎች ብቻ ስላሉት፣ እርሱን ሙሉ ምዕራፉን አይቶ መወሰን ፍትሐዊ ነው። ከዚህ በኋላ ካልገባዎት ያለ ጸጸት ያቁሙ፤ ሳጥኑ የትም አይሄድም፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚወደድ ድራማም አለ።

እርምጃ 8፦ ለሌላ ሰው ሲጠቁሙ

«በጣም ያምራል፣ ማየት አለብህ» ማለት ጥቆማ አይደለም። አስቀድመው ሰውየው ወይም ሴትየዋ በቅርቡ የጨረሱትን አንድ ረጅም ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ድራማ፣ ይጠይቁ፤ ከዚያም ያንን የተሸከመው ምን እንደነበር ይለዩ። በሰው ላይ የቆመ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ሃፒ ቫሊን፣ በተቋም ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቦርገንን ከዚያም ዘ ዋየርን፣ የተፈጸመ ታሪክ ከሆነ ቼርኖቢልን ይስጧቸው። ስለ ታሪኩ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ አይናገሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ከሚያሳየው ያለፈ ምንም አይግለጹ። «መጨረሻው ያስደነግጣል» የሚለውም ቃል ብዙ ያበላሻል፣ ሰሚው ድንጋጤውን ሲጠብቅ ይቆያልና።

የሚከብደውን ግን አይደብቁ። ዘ ሶፕራኖስ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ያሳያል፤ ቼርኖቢል የሰውነት መጎዳትንና የእንስሳትን ግድያ ያሳያል፤ ሲክስ ፊት አንደር ክፍሎቹን በሰው ሞት ስለሚጀምር በቅርቡ ሐዘን ለገጠመው ሰው ጊዜው ላይሆን ይችላል። እነዚህን ማሳወቅ ታሪኩን ማውጣት አይደለም።

ስብስቡን የሚያውሱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሳጥኑን በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ይስጡ። ሰባት ምዕራፍ የተቆለለበት ሰው ገና ከመጀመሩ ይደክመዋል፣ አንድ የተሰጠው ግን ሁለተኛውን ሊጠይቅ ይመጣል። ሲመጣም መጀመሪያ «ወደድከው ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚያሳስበው ይጠይቁትና፣ መልሱን ካዳመጡ በኋላ ሁለተኛውን ምዕራፍ ያስረክቡት።